ለውጭ ሰው የሚያምር መስኮት

ብዙ ዓመት በሆዴ ይዤው የኖርኩት ቂም አለኝ። ቂሙ በሰው ላይ አይደለም፤ በመስኮት ላይ ነው። ሰው በመስኮት ይቀየማል ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ተቀይሜአለሁ። ነገሩን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ቤታችን ደብረ ማርቆስ አሮጌው ሰፈር ውስጥ ነው፤ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ፣ ባለ እንጨት ሰገነት። ያሠሩት የባለቤቴ አያት ናቸው። ወደ መንገዱ የሚያይ አንድ መስኮት አለው። መዝጊያው የጥድ ሳንቃ ነው፤ በላዩ አበባና ሐረግ ተፈልፍሎበታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ፈረንጅም ይሁን ያገር ሰው፣ አስጎብኚው ከቤቴ ፊት ያቆመውና «ይህን መስኮት ተመልከቱ» ይላል። ስልክ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ «ወይ ማማሩ!» ይባላል። እኔ ከዚያ ሳንቃ ጀርባ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ የወደቀ መርፌ በዳበሳ እፈልጋለሁ።

መተዳደሪያዬ ጥልፍ ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያስተማረኝ መርፌ ነው። ጥልፍ ደግሞ ብርሃን ይፈልጋል። አምፖል አለሽ አይደለም ወይ ትሉኛላችሁ። መብራቱ ደስ ሲለው ይመጣል፣ ሲከፋው ይሄዳል። ሲመጣም ቢሆን በአምፖል ወይን ጠጁና ጥቁሩ ክር አንድ ናቸው። ደጅ ወጥቼ እንዳልሠራ በበጋ አቧራው ነጩን ቀሚስ ያቀላዋል፤ ክረምቱን ደግሞ የማርቆስ ዝናብ ታውቁታላችሁ። ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም።

ታዲያ ሳንቃውን ክፈቺዋ ትሉ ይሆናል። ሳንቃው በምስማር ተመቷል። ያስመቱት አማቴ ናቸው፤ እማማ ወለተ ኪዳን። እኔ ወደዚህ ቤት በሙሽርነት ሳልገባ ነው ያስመቱት። «ንፋስ ያስገባል» ይላሉ፤ ከዚያ በላይ አይናገሩም። ሲናገሩ ፊታቸው ይለዋወጣል፤ ስለዚህ አልጠይቅም።

እኔ ያሰብኩት ሌላ ነበር። ጎረቤታችን አምሳሉ ቤቱ ከቅርሱ ክልል ውጭ ነውና ሳንቃውን ነቅሎ ትልቅ የብረት መስኮት፣ ሰማያዊ መስታወት ያለው፣ አስገብቷል። አየሁና ልቤ ሄደ። ብረት ቢገባ የድሮው መስኮት አብሮ ይሄዳል፣ አማቴም ያለቀ ነገር አይተው ዝም ይላሉ ብዬ የቅርስ ቢሮ ሄድኩ። «ሰፈሩ የተጠበቀ ነው፣ የመንገድ ፊቱ አይነካም» አሉኝ። «ቤቱን ጠበቃችሁት፤ ውስጡ ያለሁትን ሴትዮ ማን ይጠብቃት?» አልኳቸው። ሳቁና ሸኙኝ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቢሮ ደጃፍ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

በመጨረሻ ቁርጡን ለየሁ። ደላላው አስማማው ለቤቱ ገዢ እንዳለው ነግሮኛል። ፋሲካ ይለፍና ቤቱን ሸጬ አዲሱ ሰፈር መስኮት ያለው ቤት እከራያለሁ አልኩ። ባለቤቴ አንለይ መንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ የሚመጣው ለበዓል ነው። በስልክ ስነግረው «ከእናቴ ጋር ተስማሚ» ብሎ ከነገሩ ወጣ። እናቱ ደግሞ «ሬሳዬ ይወጣል እንጂ እኔ በእግሬ ከዚህ ቤት አልወጣም» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እንግዲህ ወይ ዓይኔን፣ ወይ ቤቱን፣ ወይ የእኚህን ሴትዮ ልብ አንዱን ማጣቴ ነው እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ ነው ያቺ ልጅ የገጠመችኝ።

የአክስቴን ተዝካር በልቼ ከሉማሜ ስመለስ ነበር። ሚኒባሱ እንደ ሽምብራ ጆንያ ጢም ብሏል፤ ፀሐዩ ያቃጥላል። አጠገቤ የተቀመጠች ሻርፕ የተከናነበች ልጅ እጇን ዘርግታ መስኮቱን የጣት ስፋት ያህል ገፋ አደረገችው።

«ማነው መስኮት የከፈተው?» አሉ ከኋላ አንድ ሽማግሌ።

«ልጄ፣ ልትፈጂን ነው?» አለች ሌላዋ።

ከሁሉም የኔ ድምፅ በለጠ። «አንቺ ልጅ! ንፋሱ አንገቴን መታኝ እኮ! ዝጊው!»

ልጅቱ ዞር ብላ አየችኝ፤ አልተቆጣችም። «እሺ እትዬ፣ እዘጋለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ዘግተሽ ጠይቂ።»

ዘጋችው። «ሉማሜ መናኸሪያ ላይ መኪና ሲጠብቁ ብዙ ቆሙ?»

«እግሬ እስኪንቀጠቀጥ።»

«ንፋስ አልነበረም?»

«እንዴት አልነበረም! ነጠላዬን ሊወስደው ነበር።»

«ታዲያ ያኔ አልመታዎትም?»

«ያ የሜዳ ንፋስ ነው። ይሄ የመስኮት ንፋስ ነው» አልኳት፤ የታወቀ ነገር ነዋ።

ሽማግሌው ከኋላ ደገፉኝ። «እውነቷን ነው! የሜዳ ንፋስ ዱላ ነው፣ ቢመታሽም ታይዋለሽ። የመስኮት ንፋስ ግን ወስፌ ነው፣ ሳታይው ይገባል!»

ሰዉ ሳቀ። ልጅቱም ሳቀች። «አባባ፣ ጥሩ አሉ። እኔ ደግሞ የምፈራው ሌላ ነው። እዚህ መኪና ውስጥ አንድ ሰው የሚያስለው ቢሆን፣ ከሳንባው የወጣውን አየር ማርቆስ እስክንደርስ ሁላችንም እየተቀባበልን እንስበዋለን። መስኮት ቢከፈት ግን ይወጣል።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ ሽማግሌው ትን አላቸውና ሳሉ። መኪናው ሙሉ ሰው ዞሮ አያቸው። «ምን ታያላችሁ? ትን ብሎኝ ነው!» ብለው ጮሁ። እኔ ግን፣ አልዋሻችሁም፣ ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ አደረግሁ። ቀጥሎ የሆነው ያስቃል፤ ያቺ «ልትፈጂን ነው?» ያለችው ሴት ቀስ ብላ የራሷን መስኮት ከፈተች።

«የማን ልጅ ነሽ?» አልኳት።

«የሐምዱ ልጅ ነኝ። ገበያው አጠገብ ክርና ጨርቅ የሚሸጠው።»

«ፋኢዛ! አንቺ ነሽ እንዲህ ያደግሽው? የጥልፍ ክሬን ሁሉ የምገዛው ካባትሽ አይደል ወይ! ባሕር ዳር ትማራለች ሲሉ ሰምቼ ነበር። ምን ተማርሽ?»

«የቤት አሠራር፤ በተለይ የአሮጌ ቤት ጥገና። አሁን እዚሁ ማርቆስ የቅርስ ቤቶችን ክትትል ሥራ ይዣለሁ።»

ደሜ ፈላ። «እንግዲያውስ አንቺ ነሻ ጨለማ ውስጥ ያስቀመጥሽኝ!»

ልጅቱ ደነገጠች። ሁሉን ዘረገፍኩላት። ስጨርስ ዓይኗን አፍጥጣ «ያ የሚያምረው መስኮት የእርስዎ ነው?» አትለኝም!

«የሚያምረው ለውጭ ሰው ነው፣ ልጄ። አንቺ ካንዴም ሁለቴ ከውጭ አይተሽዋል። አንድ ቀን ነይና ከውስጥ ቁጭ ብለሽ እዪው።»

«እመጣለሁ» አለች። የቢሮ ሰው «እመጣለሁ» ሲል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁና አላመንኳትም።

ይህቺ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣች። ደጃፉ ላይ ጫማዋን ጠረገችና «እንደምን ዋላችሁ» ብላ ገባች። አማቴ ከጥግ ካለው አልጋቸው ሆነው «ማነች?» አሉ። «የሐምዱ ልጅ ናት» አልኩ። «አያትሽን አውቃቸዋለሁ፤ ሲለኩ አይሰስቱም ነበር። ተቀመጭ ልጄ» አሏት። ሳል ጀመራቸውና ወሬውን ተዉት።

እኔ ወሬ አላበዛሁም። የክር ሣጥኔን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩና «አረንጓዴውን አቀብይኝ» አልኳት።

ጎንበስ አለች፣ አገላበጠች፣ አንዱን መዛ ሰጠችኝ። ይዤው ወደ በሩ ወጣሁና ለፀሐይ አሳየኋት። ሰማያዊ ነበር።

«እኔ ክር ውስጥ ያደግሁ ልጅ!» አለች፤ ሳቀች፣ ወዲያውም ሳቋን ተወች። «እትዬ የብርጓል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኛ ይህን ቤት ስናየው ከመንገድ ነው። መስኮቱ ሳይሰበር አለ፣ በቃ ደኅና ነው ብለን እናልፋለን። ውስጡ የሚኖር ሰው ምን ያያል ብዬ ጠይቄ አላውቅም።»

ይህን ያህል የተማረ ሰው እንዲህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም ነበርና ትንሽ በረድኩ። ነገር ግን ሐሳቤን አልለወጥኩም። «እንግዲያው ፈቃድ ስጪኝና ብረቱን ላስገባ» አልኳት።

እሷ ግን አልሰማችኝም። ተነስታ መስኮቱን ታጠናለች። የሳንቃውን ማጠፊያ ነካች፣ ምስማሩን ቆጠረች፣ ከዚያ ከሳንቃው በላይ ያለውን ግድግዳ በጣቷ አጥንት መታ መታ አደረገችው። አንዱ ቦታ ድፍን ድምፅ ሰጠ። ሌላው ግን እንደ ከበሮ አለ። «ይገርማል» አለች ለራሷ። እንደገና መታችው። እኔም ጉዱን ልስማ ብዬ ተጠጋሁ።

«ማነው ግድግዳዬን የሚቆረቁረው?» አሉ አማቴ።

«እኔ ነኝ እማማ። ከመስኮቱ በላይ ያለው ልስን ከሌላው ይለያል። ከጀርባው ምን አለ?»

  «መስታወት» አሉ አማቴ።

«ምን?» አልኩ እኔ።

«ከሳንቃው በላይ መስታወት ነበረበት፤ እንደ ግማሽ ጨረቃ ያለ። ቤቱን ያሠሩት አማቴ ብርሃን ይወዱ ነበር፤ ዳዊታቸውን እዚያ ስር ነበር የሚደግሙት።»

«እማዬ! ይህን ሁሉ ዘመን ጨለማ ውስጥ ስዳክር መስታወት እንዳለ ያውቁ ነበር? ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ።»

አንባቢ ሆይ፣ ይህችን ቃል ልብ በሉልኝ። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ መሶብ እየበላን፣ እኔ ተቀይሜ ሳልጠይቅ እሳቸው አዝነው ሳይናገሩ ዕድሜያችን አለቀ። እኛ ሰዎች የምንቸገረው በማጣት ብቻ አይደለም፤ ባለመጠየቅም ነው።

ፋኢዛ አልጋው አጠገብ በርጩማ አድርጋ ተቀመጠች። «እማማ፣ የለጠፉት እርስዎ ነዎት?»

«በገዛ እጄ፣ ከውስጥም ከውጭም። ጭቃውን ከጭድ አቡክቼ።» ትንሽ ተነፈሱ። «የመጀመሪያ ልጄ ሴት ነበረች። ሐምሌ ላይ ወለድኳት። ክርስትና ሳትነሳ ሞተችብኝ። ንፋስ ገብቶባት ነው አሉኝ፤ አልጋዬ ከመስኮቱ ስር ነበርና። ከዚያ በኋላ ሳረግዝ መስታወቱን ለጠፍኩት፣ ሳንቃውን በምስማር አስመታሁት። ከዚያ ወዲህ የወለድኳቸው ሁሉ ቆሙልኝ። የዚህች ባል አንለይ ያውልሽ፣ ዋርካ አክሎ። አሁን አንቺ ተማርኩ ብለሽ ክፈቱት ልትይኝ ነው የመጣሽው። በይ፣ መልሽልኝ!»

እኔ አንገቴን ደፋሁ። ልጅ እንደሞተችባቸው እሰማ ነበር፤ የመስኮቱ ነገር ከዚያ እንደመጣ ግን አላውቅም ነበር።

«እማማ» አለች ፋኢዛ፣ «ልጅዎ በምን እንደሞተች አላውቅም። ዛሬ ማንም ሊያውቅ አይችልም። አውቃለሁ ብል እዋሽዎታለሁ። ግን ልጠይቅዎት፤ ያኔ አራስ ሳሉ እሳት የት ይነድ ነበር?»

«የት ይነዳል? እዚሁ ነዋ፣ ከአልጋዬ ግርጌ። አራስ ያለ እሳት ትታረሳለች እንዴ? ያውም በማርቆስ ሐምሌ!»

«እንጨት ነው ወይስ ከሰል?»

«እንጨትም ኩበትም።»

«ጭሱ በየት ይወጣ ነበር?»

«ትንሹ በመስኮቱ ይወጣል፤ የቀረው እኛው ላይ ነው።»

«መስኮቱን ካሸጉት በኋላስ?»

«ካሸግሁት በኋላማ ጭሱ መውጫ አጣ፤ ሊደፋኝ ሆነ። እሳቱን ወደ ጓዳ አስወጣሁት። ለአራስ የሚሆነውን በጋቢ በጋቢ...» አሉና አቆሙ።

  አማቴ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። እኔ ያልተማርኩት እንኳ ገባኝ።

«እማማ» አለች ልጅቱ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እንዲህ ነው ብዬ አልምልም። ግን ሁለት ነገር ነው የለወጡት፤ መስኮቱን አሸጉ፣ እሳቱን አወጡ። ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን አመሰገነ። ምናልባት ልጆቹን ያቆመልዎት ሁለተኛው ይሆናል። ጭስ ለሕፃን ሳንባ መርዝ ነው፤ ይህን ሐኪሞች በደንብ ያውቁታል። ምናልባት ነው የምልዎት።»

 «ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አሉ አማቴ። ግን እሳቸውም እንደ እኔው እልኸኛ ናቸውና ወዲያው ቀና አሉ። «ቢሆንም ንፋስ ንፋስ ነው! ሳሌን አትሰሚም? ይህ ሳል ንፋስ ሲነካው ይነሳል።»

እዚህ ላይ ጣልቃ ገባሁ። የሙስሊም ልጅ ይህን ልትላቸው አትችልም፤ እኔ ግን እችላለሁ። «እማዬ፣ ኪዳን የሚሄዱት መቼ ነው?»

«ሌሊት ነዋ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«የት ይቆማሉ?»

«ደጀ ሰላሙ ላይ፣ ከዛፉ ስር።»

«በዚያ ውርጭ፣ ደጅ ቆመው፣ ሳል ያመዎታል?»

«እዚያማ አያመኝም።»

«እዚያ ንፋስ የለም?»

«እዚያ እመቤቴ ትጠብቀኛለቻ!»

«ታዲያ እዚህ ቤት ስትደርስ ትመለሳለች?»

አማቴ ሊቆጡ ከጀሉ፤ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «አንቺ ርጉም! በአንደበትሽ ነው ልጄን የያዝሽው» አሉ። ፋኢዛ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ትስቃለች። ሳቁ ሲበርድ አማቴ እንደገና ሳሉ፤ ስለው ሲጨርሱም «እውነትሽን ነው፣ የሚብስብኝ እዚህ ነው» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው የሚናገሩ ይመስል ነበር።

አሁን ተራው የኔ ሆነ። እሳቸው ሲለዝቡ እኔ ጠነከርኩ። «እንግዲህ ከተከፈተ አይቀር ብረት ይግባልኝ፤ እንደ አምሳሉ።»

«የአቶ አምሳሉን መስኮት ጠዋት ጠዋት አይተውት ያውቃሉ?» አለች ፋኢዛ።

አይቻለሁ። ሚስቱ ሙሉዬ ጠዋት ጠዋት ጨርቅ ይዛ መስኮት ስትወለውል ነው የማያት። «መስታወቱ ያልበዋል፤ ውኃው ግድግዳዬን አሻገተው» ስትል ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ። ሆኖም ለክርክር ብዬ «ይወለወላል፣ ምን ችግር አለው?» አልኩ።

«ብረት ብርድ ይስባል እትዬ። ሌሊት ውጭ ሲበርድ ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ የቤት ውስጥ ትንፋሽ እሱ ላይ ውኃ ይሆናል። ውኃው ብረቱን ያዝገዋል፣ የጭቃ ግድግዳውን ያረጥበዋል። የአቶ አምሳሉ ቤት ብሎኬት ነው፤ የእርስዎ ጭቃ ነው፤ ቶሎ ይፈርሳል። ይህ ጥድ ግን ስንት ክረምት አሳለፈ? ምስጥ አልበላው፣ አልጣመመ።»

«በጥድ ውስጥ ብርሃን አይገባማ!»

«ጥዱ እኮ በር ነው፤ የሚከፈት። ምስማሩን እንነቅላለን፣ ማጠፊያውን ዘይት እናጠጣለን። ቀን ቀን ሳንቃው ወደ ውጭ ይከፈታል። ከውስጥ በኩል ደግሞ መስታወት ያለው ሁለተኛ የእንጨት መስኮት እናስገባለን፤ ብርሃን ያስገባል፣ ብርድና አቧራ ይከለክላል፣ ሲፈልጉ ይከፈታል። ማታ ሳንቃውን ይዘጋሉ። ከመንገድ የሚታየው ምንም አይለወጥም፤ ስለዚህ ይፈቀዳል። ወጪውም ከብረቱ ያንሳል።»

«ይፈቀዳል?» ጮህኩ። «ታዲያ ያኔ ስመጣ ለምን አልነገሩኝም?»

ፋኢዛ ወደ መሬት አየች። «እርስዎ የጠየቁት ብረት ነው። እኛ ደግሞ የማይቻለውን ነገርንዎትና ተውንዎት፤ የሚቻለውን አላሳየንዎትም። ጥፋቱ የኛ ነው። ቅርስ ሰው ተመችቶት ሲኖርበት ነው የሚጠበቀው። ሰው ተማሮ የወጣበት ቤት ሁለት ክረምት አይቆምም።»

ይህን ስትል አማቴ ትራሳቸውን ተደግፈው ተነሱ። «የብርጓል» አሉኝ።

«አቤት እማዬ።»

«ቤቱ ብርሃን ቢኖረው አትሸጭውም ነበር?»

 «መቼ መሸጥ ፈልጌ» አልኳቸው። «ዓይኔን ላለማጣት ነው።»

«እንግዲያው ክፈችው። የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ የምትከፍችው አንቺ ነሽ። ሌላ ሰው እጁን አያስገባብኝ። ሐምሌ ላይ ግን ተዘግቶ ይሰንብት።»

ፋኢዛ «ለሐምሌም ቢሆን እኩለ ቀን ላይ ትንሽ...» ልትል ስትጀምር በዓይኔ ከለከልኳት። ሁሉም በአንድ ቀን አይሆንም።

መሮ አንስቼ ልመታው ስል ልጅቱ እጄን ያዘችኝና «በውኃ ያርጥቡት» አለችኝ። መጀመሪያ ከውጭ፣ ቀጥሎም ከውስጥ በራሰ ጨርቅ ጭቃውን አረጠብኩት፤ ሲለሰልስ በማንኪያ ጀርባ ፋቅሁት። በርጩማ ላይ ቆሜ እንደ ሕፃን ጉጉት ያዘኝ። ጭቃው ሥር አሮጌ አቡጀዲ አለ፤ አቡጀዲውን ስልጠው አንድ የብርሃን ክር ወጣና ወለሉ ላይ ወደቀ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ግማሽ ጨረቃው ሙሉ ለሙሉ በራ። አንዱ ጥጉ ብቻ ተሰንጥቋል።

 

«እማማ» አለች ፋኢዛ፣ «በዚህ ሰፈር ሌሎቹ ቤቶች ላይ እንዲህ ያለ መስታወት ነበረ፤ ሁሉም በድንጋይም በበረዶም ተሰብሮ አልቋል። የእርስዎን ያተረፈው ጭቃው ነው።»

አማቴ በደበዘዘ ዓይናቸው ወደ ብርሃኑ እያዩ «እንግዲያው ቅርስ ጠባቂዋ እኔ ነኛ!» አሉ። «ለቢሮሽ ንገሪ፣ ደመወዝ ይቁረጥልኝ።»

ምስማሩ ተነቀለ፣ ከውስጥ ያለው መስኮት ተሠራ። ጥቅሙን እኔ በዓይኔ ያየሁትን ብቻ እነግራችኋለሁ። አሁን ከጠዋት እስከ አመሻሽ ቤቴ ተቀምጬ እጠልፋለሁ፤ ወይን ጠጁ ወይን ጠጅ ነው፣ ጥቁሩም ጥቁር። አምፖል ቀን አላበራም። ግድግዳው ላይ ያለው የእርጥበት ሽታ ሄደ። ፀሐይ አልጋ ላይ ስታርፍ ትኋኑ አገር ለቀቀ። የአማቴ ሳል ጨርሶ ድኗል አልልም፤ ጤና ጣቢያ ወስጃቸው መድኃኒት ጀምረዋል፤ ግን ሌሊቱን ይተኛሉ። ጠዋት ቀድመውኝ ይነሱና «የብርጓል፣ መስኮት አልከፈትሽም እኮ!» ብለው ይቆጡኛል። ደላላው አስማማውም መጥቶ ነበር። «ቤቱ አይሸጥም» ስለው ቀና ብሎ ግማሽ ጨረቃውን አየና «ከዚህ ወዲያማ እኔም አልሸጥም» ብሎ ሄደ።

ነገሩ ግን በእኔ ቤት ብቻ አላበቃም። ከፋሲካ በኋላ የአምሳሉና የሙሉዬ ልጅ ሳራ ወለደች። እኔና አማቴ አራስ ልንጠይቅ ሄድን። ገባን፤ ምንም አይታይም። ያ እኔ የጓጓሁለት ትልቅ መስኮት፣ ያ ሰማያዊ መስታወት፣ ከላይ እስከ ታች በብርድ ልብስ ተሸፍኗል፤ ብርድ ልብሱ በምስማር ተመቷል። ቤቱ ይታፈናል፤ ዓይን ያቃጥላል። ለካ ትልቅ መስታወት ማስገባት ብቻውን ብርሃን ማስገባት አይደለም።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉ አማቴ። ከዚያ በምርኩዛቸው ወለሉን እየዳበሱ ቆሙ። «ሙሉዬ፣ እሳቱ የት ነው?»

«እዚሁ ነው እማማ፣ ከአልጋው ግርጌ። ከሰል ነው፣ ጭስ የለውም። ንፋስ እንዳይገባባቸው ደግሞ መስኮቱን ጥሩ አድርገን...»

«አንቺ ልጅ፣ ራስሽን አያምሽም?» አሉ አማቴ ወደ ሳራ።

«በጣም ያመኛል» አለች ሳራ ከጋቢው ውስጥ። «ያዞረኛል።»

«አልጋዋን ከመስኮቱ አርቁት፤ ልጁን ጠቅልሉት» አሉ አማቴ። «ብርዱን በልብስ ነው የሚከለክሉት። እሳቱን አውጡ። እኔ የማውቀውን ነው የምነግራችሁ።» በምርኩዛቸው ወደ አልጋው ግርጌ ጠቆሙ።

ሙሉዬ እኔን አየችኝ፤ እኔም እሷን። «የወግ ነገር ነው፣ ሰው ምን ይላል?» አለችኝ።

 የከሰሉን ምድጃ በሁለት እጄ አንስቼ ደጅ አወጣሁት። ተመልሼ ገባሁና አልጋውን ከሙሉዬ ጋር ወደ ጥግ ገፋነው። ከዚያ ወንበር ስቤ ወጣሁበትና የመጀመሪያውን ምስማር ነቀልኩ።